«ዕድሜ ልክ የሚታጠበው» ፊልትሮ ሐረጎ ላይ ሲፈተን

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን በሚኒባስ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናዋ ግን የጩኸቷን ያህል አትራመድም። ከኋላ ወንበር ምክር የሚሰጥ ሰው ደግሞ አይጠፋም፤ «ፊልትሮው ታፍኗል፣ ንፋስ አስመታው!» ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ «ምን ንፋስ ያስመታዋል፣ የሚታጠበውን ገዝቶ አይገላገልም?» ይላል።

ዛሬ የምንመረምረው ይህን ሁለተኛውን ምክር ነው። እየታጠበ ተመልሶ የሚገባው የሞተር አየር ማጣሪያ ሦስት ነገር ቃል ይገባል። ሞተሩ እንደ ልቡ ስለሚተነፍስ ጉልበት ይጨምራል ይላል። ዕድሜ ልክ ያገለግላል ይላል። የሚጣል ነገር ስለሌለው ለአካባቢም ደግ ነው ይላል። ሦስቱም ሲሰሙ ደስ ይላሉ። ከማስታወቂያው አውጥተን በእኛ ከፍታና በእኛ አቧራ ብንመዝናቸው ግን ምን ይተርፋቸዋል? የኔ መልስ «ጥቂት» ነው። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው፤ ስሌቱን እናንተም በስልካችሁ እየሠራችሁ ተከታተሉኝ።

መጀመሪያ ሞተር ምን ያህል አየር እንደሚስብ እንወቅ። 1 ኪሎ ቤንዚን በሥርዓቱ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። 1 ሊትር ቤንዚን 0.74 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 11 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይበላል ማለት ነው። አዎ፣ አየር ይመዝናል! ይህ 11 ኪሎ አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከ9,000 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው 11 ኪሎ ወደ 12,000 ሊትር ይሰፋል። እንግዲህ በቀን 10 ሊትር ቤንዚን የምታቃጥል ታክሲ 120 ሜትር ኩብ አየር ትስባለች። ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 5፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል 60 ሜትር ኩብ ነው። ሁለት እንዲህ ያለ ክፍል ሙሉ አየር በየቀኑ በአንዲት ጠባብ ቱቦ ያልፋል።

አሁን ከአየሩ ጋር ምን አብሮ እንደሚገባ እናስብ። የወሎ ደጋ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ጎርፍ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዓለት፣ በባዛልት፣ የተሠራ ነው። ግንበኛ «ጥቁር ድንጋይ» የሚለው ማለት ነው። ቤት የሚሠራው በሱ ነው፤ ኮብልስቶኑ እሱ ነው፤ ተፈጭቶ ጠጠር ሆኖ ከአስፋልት በታች የሚነጠፈውም እሱ ነው። በበጋ ጥርጊያ መንገድ ላይ አንድ ሲኖትራክ ሲያልፍ የሚነሳው ደመና ከዚሁ ድንጋይና ከሱ ከተሠራ አፈር የመጣ ነው። ባዛልት ውስጥ በብዛት ያለው ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 6 ላይ ይቀመጣል። የብረት ሚስማር ከ4 እስከ 5 አካባቢ ነው። ጠንካራው ለስላሳውን ይቧጭራል፤ ሕጉ ይኸው ነው። የሲሊንደር ግድግዳና የፒስተን ፋሻ ከብረት የተሠሩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የዘይት ስስ ሽፋን ደግሞ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ስለዚህ በጣም የሚጎዳው በዓይን የምታዩት አሸዋ ሳይሆን ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ያለው፣ በፀሐይ ጨረር ውስጥ ሲዋኝ የምታዩት ዱቄት ነው። ዘይቱ ውስጥ ይገባና ፒስተኑ በተመላለሰ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ፋሻው ሲያልቅ ሞተሩ ዘይት መብላት፣ ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ይጀምራል፤ ከዚያ «ሞተር ይውረድ» ይባላል። የባጃጅ ወይም የሚኒባስ ባለቤት ሞተሩ ወረደ ማለት የወር ገቢው አብሮ ወረደ ማለት ነው።

ታዲያ ማጣሪያው ይህን እንዴት ይይዛል? ብዙ ሰው ወንፊት ነው የሚመስለው። ወንፊት ግን ከቀዳዳው የሚያንሰውን ሁሉ ያሳልፋል፤ የማጣሪያ ወረቀት ደግሞ ቀዳዳዎቹ ከሚይዛቸው ብዙዎቹ ቅንጣቶች ይበልጣሉ። ምሥጢሩን ለማየት አውድማ ላይ የሚበጥረውን ገበሬ አስቡት። በመንሹ ወደ ላይ ሲበትነው ገለባው ነፋሱን ተከትሎ ይሄዳል፤ እህሉ ከባድ ስለሆነ ነፋሱን አይሰማም፣ እዚያው ይወድቃል። በወረቀቱ ውስጥም አየሩ በክሮቹ መካከል እየተጠማዘዘ ያልፋል። ከበድ ያለው አቧራ ግን መታጠፍ ስለማይችል ክሩ ላይ ሄዶ ይለጠፋል። መካከለኛው በክሩ ጎን ሲያልፍ ተነክቶ ይቀራል። እጅግ ደቃቁ ደግሞ በአየር ሞለኪውሎች እየተገፈተረ ሲንገዳገድ ክር ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ተለጥፎ የቀረው አቧራ ራሱ አዲስ ክር ይሆናል፤ ቀጣዩን አቧራ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ትንሽ የቆሸሸ የወረቀት ማጣሪያ ከአዲሱ ይበልጥ ያጣራል። ደካማው ጊዜው የመጀመሪያው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ «ንፋስ መምታት» ስናወራ እንመለስበታለን።

የሚታጠበው ማጣሪያ ሌላ ዓይነት አካል ነው። በሽቦ መረብ መካከል የተደራረበ ሳሳ ያለ የጥጥ ጨርቅ ሲሆን ልዩ ዘይት ይቀባል። ጨርቁ ብቻውን ብዙ አይዝም፤ የሚይዘው ዘይቱ ነው፣ እንደ ዝንብ ማጥመጃ ሙጫ። በዓለም በጣም የታወቀው ኬ ኤንድ ኤን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ የተጀመረ ነው፤ መነሻውም የሞተር ብስክሌት ውድድር ነው። ይህ ታሪክ ለፍርዳችን ይጠቅማል። የውድድር ሞተር ከውድድር በኋላ ይፈታል፣ ይታያል፣ ፋሻው ይቀየራል። ለሱ በደቂቃዎች ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ተጨማሪ ጉልበት ከብዙ ዓመት ዕድሜ ትበልጥበታለች። ደሴ ፒያሳ ቆማ ተሳፋሪ የምትጠብቅ ሚኒባስ ግን በተቃራኒው ናት፤ ጉልበቱ ይቅርባት፣ ዕድሜውን ስጧት።

ማጣሪያዎች የሚፈተኑበት ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ፤ አይሶ 5011 ይባላል። መጠኑ የታወቀ አቧራ ወደ ማጣሪያው ይነፋል፣ ከዚያ ስንት እንደተያዘና ስንት እንዳመለጠ ይመዘናል። ጥሩ የወረቀት ማጣሪያ በዚህ ፈተና ከ99 በመቶ በላይ ያስመዘግባል። በዘይት የተቀባው የጥጥ ማጣሪያ ደግሞ አምራቹ ራሱ እንደሚለው ከ96 እስከ 99 በመቶ ነው። በአሜሪካ ለአንድ ናፍጣ ፒካፕ የሚሠሩ ማጣሪያዎች ጎን ለጎን በተፈተኑበት፣ በመኪና ወዳዶች ዘንድ ብዙ በተወራለት ንጽጽር፣ የፋብሪካው ወረቀት 99.93፣ የጥጡ 96.8 በመቶ አግኝተዋል።

«97 በመቶ» ጆሮ ላይ ሲገባ ጥሩ ይመስላል፤ በትምህርት ቤት ቢሆን ሽልማት ያሰጣል። ማጣሪያ ግን የሚመዘነው በያዘው ሳይሆን ባመለጠው ነው። 99.9 በመቶ የሚያጣራው ከ1,000 ግራም አቧራ 1 ግራም ያሳልፋል። 97 በመቶ የሚያጣራው 30 ግራም ያሳልፋል። ልዩነቱ «ሦስት ፐርሰንት» አይደለም እኮ፤ ሠላሳ እጥፍ ነው! ሻጩ የመጀመሪያውን ቁጥር ይነግራችኋል፤ ሁለተኛውን ራሳችሁ አስሉት።

ወደ ታክሲያችን እንመልሰው። ለምሳሌ ያህል መንገዱ ላይ በየሜትር ኩቡ 10 ሚሊግራም አቧራ አለ እንበል። ይህ ግምት ነው፤ ከጭነት መኪና ኋላ በጥርጊያ ላይ ከዚህ ሊበልጥ፣ በክረምት አስፋልት ላይ እጅግ ሊያንስ ይችላል። በ120 ሜትር ኩብ ውስጥ በቀን 1.2 ግራም ይሆናል። በወር 25 ቀን ከሠራች 30 ግራም፣ በዓመት 360 ግራም። 99.9 በመቶ በሚያጣራው በኩል በዓመት ወደ ሞተሩ የሚገባው 0.36 ግራም ነው፤ በጣት ጫፍ የሚነሳ ቁንጥር። 97 በመቶ በሚያጣራው በኩል ግን 10.8 ግራም ይገባል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ከ4 እስከ 5 ግራም ነው። ስለዚህ በዓመት ከሁለት የሻይ ማንኪያ በላይ የጥቁር ድንጋይ ዱቄት ሲሊንደር ውስጥ ጨመርን ማለት ነው። በራሳችሁ እጅ የመኪናችሁን ዘይት መክፈቻ ከፍታችሁ ይህን ትጨምሩ ነበር?

«እሺ፣ ጉልበቱስ?» ትሉ ይሆናል። ይህ ክፍል ለኔ ከሁሉም ደስ የሚለኝ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ ሐረጎ ላይ ተጽፏል።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ 101 ኪሎፓስካል ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት ኮምቦልቻ ላይ ወደ 81፣ ደሴ ላይ ወደ 75 ይወርዳል። ማለትም ደሴ ያለ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ማጣሪያው ምንም ይሁን ምን፣ ጅቡቲ ካለው ወንድሙ አየሩን በሩብ ያህል አጥቷል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሁለቱ ከተሞቻችን መካከል ብቻ ያለው ልዩነት 6 ኪሎፓስካል ትንሽ ከፍ ይላል።

አሁን ከማጣሪያ ጋር እናነጻጽረው። በትልልቅ መኪኖች የአየር ቱቦ ላይ ማጣሪያው ሲታፈን ቀይ የምታሳይ ትንሽ አመልካች አለች። የብዙዎቹ አመልካቾች ልክ 6.2 ኪሎፓስካል ነው፤ እዚያ ሲደርስ «ቀይሩኝ» ማለት ነው። ቁጥሩን አያችሁት? ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደሴ መግባት፣ ንጹሕ ማጣሪያ ያለው ሞተር ላይ፣ ማጣሪያው እስኪጣል ድረስ የመታፈን ያህል ግፊት ያሳጣዋል! የኋላ ወንበሩ አማካሪ የሰማው ድካም እውነተኛ ነው፤ የወነጀለው ግን ንጹሑን ፊልትሮ ነው።

የሚታጠበው ማጣሪያ ከአዲስ ወረቀት ጋር ሲወዳደር፣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲስብ የሚያተርፈው ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ1 ኪሎፓስካል በታች ነው። ቸር እንሁንና ሙሉ 1 ኪሎፓስካል እንስጠው። ደሴ ከፍታ ላይ 1 ኪሎፓስካል ማለት 110 ሜትር ገደማ ወደ ታች መውረድ ነው። በብዙ እጥፍ ዋጋ የተገዛው ትንፋሽ፣ በነጻ ከሐረጎ ቁልቁለት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኩርባዎች ላይ የሚገኝ ነው። ያም ቢሆን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ብቻ። ቤንዚን ሞተር በዝግታ ሲሄድ ዋናው የአየር መንገድ መዝጊያ ማጣሪያው ሳይሆን በፔዳሉ የሚታዘዘው ክዳን ነው። ማጣሪያው ትንሽ ቢያጥር እግራችሁ ሳታውቁት ያን ክዳን ትንሽ ከፈት ያደርገዋል፤ አለቀ።

ለነዳጅም እንደዚሁ። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፣ በኮምፒውተር በሚመራ የነዳጅ መርጫ በሚሠሩ መኪኖች ላይ ማጣሪያውን ሆን ብሎ አፍኖ ሞከረ። የነዳጅ ፍጆታቸው አልጨመረም፤ የቀነሰው የመፈትለክ ኃይላቸው ነው። ካርቡራተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ግን የታፈነ ማጣሪያ መቀየር ከ2 እስከ 6 በመቶ ነዳጅ ሊያድን ይችላል። ላዳ ወይም አሮጌ ዲኤክስ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ይህ ለሱ ነው። (የካርቡራተር መኪና ቆላ ላይ ተስተካክሎ ደሴ ሲወጣ አየሩ ሲያንሰው ነዳጁ ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ያም ብዙ ጊዜ በፊልትሮው ይሳበባል። የፊልትሮ ዕዳ መቼም አያልቅም።)

«ዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል ኪዳን ደግሞ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ኬ ኤንድ ኤን የሚሰጠው ታዋቂ ዋስትና የአንድ ሚሊዮን ማይል፣ ማለትም የ1.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ዋስትናው ግን ለማን ነው? ለማጣሪያው ነው፤ ማጣሪያው አይቀደድም ማለት ነው። ወንፊትም እኮ ሳይቀደድ ብዙ ዓመት ይኖራል። ጥያቄያችን ከማጣሪያው በኋላ ያለው ሞተር ስንት ዓመት ይኖራል የሚል ነበር። እስከ 80,000 ኪሎ ሜትር ሳይታጠብ ይቆያል የሚለውም ንጹሕ አውራ ጎዳና ላይ ላለ መኪና ነው እንጂ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ሲመላለስ አቧራ ለሚጠጣ አይደለም።

ከዚያ ማጠቡ አለ። በሳሙናው ይነከራል፣ ከንጹሕ ጎኑ በቀስታ በውሃ ይታጠባል፣ በፀሐይና በነፋስ ብቻ ይደርቃል፣ ከዚያ ልዩው ዘይት በልኩ ይቀባል። መድረቁ ብቻ አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል፤ በሐምሌ የደሴ ጉም ውስጥ ደግሞ እናንተ ልብስ አስጥታችሁ ታውቁታላችሁ። ታክሲ ነጂ ቀኑን ሙሉ ማጣሪያው እስኪደርቅ መኪናውን ያቆማል? አያቆምም፤ ወይ እርጥቡን ይገጥመዋል፣ ወይ ያለ ማጣሪያ ይነዳል። ልዩው ዘይት ሲያልቅ ደግሞ የሞተር ዘይት ይቀባል። ዘይቱ ካነሰ አቧራው ያልፋል፤ ከበዛ ደግሞ ወደ ውስጥ ይረጫል። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ከማጣሪያው በኋላ የሚገባውን አየር የምትለካ በኤሌክትሪክ የጋለች ቀጭን ሽቦ አለች። ዘይትና አቧራ ከሸፈናት ልኬቷ ይዛባል፣ ዳሽቦርድ ላይ የሞተሩ መብራት ይበራል። አምራቾቹ ይህን ክስ አይቀበሉትም፣ በልኩ የተቀባ ዘይት አይረጭም ይላሉ። ልክ ነው፣ በልኩ ከተቀባ። ክርክሬ ጋራዥ ውስጥ «በልኩ» የሚለውን ማን ይለካል የሚል ነው።

ይህን ሁሉ ስል ወረቀቱን የማሞግስ እንዳይመስላችሁ። ከውጭ የሚመጣው ውድ የጥጥ ማጣሪያ እዚህ በጥቂት መኪኖች ላይ ነው ያለው። በአብዛኛው መኪና ላይ «የሚታጠበው ፊልትሮ» ማለት ሊጣል የተሠራው ወረቀት ራሱ ነው! «አብሽር፣ ንፋስ እንስጠው» ይባልና ወደ ጎሚስታው ይሮጣል፤ ሲብስም በኦሞ ወይም በቤንዚን ይታጠባል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ለጎማ የተሠራ ነው፤ ከ6 እስከ 8 ባር ይይዛል። የከባድ ማሽን አምራቹ ካተርፒላር ለራሱ ጠንካራ ማጣሪያዎች በአየር ማጽዳትን ሲፈቅድ ከ2 ባር ትንሽ ከፍ ካለ ግፊት እንዳያልፍ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ እንዲነፋ፣ ከ6 ጊዜ በላይ እንዳይደገም ያዛል። የጎማውን አፍንጫ ወረቀቱ ላይ አስጠግቶ ከውጭ ወደ ውስጥ መንፋት ታዲያ ምን ይባላል? አቧራውን ወደ ንጹሑ ጎን ማሻገር ነው። ወረቀቱም በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያወጣል። ውሃና ሳሙና ደግሞ ክሮቹን ያሳብጣሉ፣ ያያያዛቸውን ሙጫ ያዳክማሉ፤ ሲደርቅ ንጹሕና ነጭ ይመስላል፣ ነገር ግን ያ በፋብሪካ የወጣው ወረቀት አይደለም። ደግሞም ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ። በነፋነው ቁጥር ያን ጠቃሚ የአቧራ ሽፋን አራግፈን ማጣሪያውን ወደ ደካማው ጊዜው እንመልሰዋለን። በየሳምንቱ የሚነፋ ማጣሪያ በየሳምንቱ ደካማ ነው። ትጉህ ባለቤት ከሰነፉ ይበልጥ ሞተሩን ሊጎዳ የሚችልበት ብርቅ ጉዳይ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እውነተኛውን የሚታጠብ ማጣሪያ ማየት የሚፈልግ ወደ ወፍጮ ቤት ይሂድ። አሮጌ የናፍጣ ወፍጮ ሞተር፣ አሮጌ ማሴይ ፈርጉሰን ትራክተር፣ የድሮ ላንድክሩዘር ወይም ቮልስ ላይ ከታች ዘይት የተቀመጠበት ጎድጓዳ ሳህን ያለው ድስት መሳይ ነገር ታያላችሁ። አየሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዘይቱ አጠገብ ሲደርስ በድንገት ወደ ላይ ይታጠፋል። አቧራው እንደ አውድማው እህል መታጠፍ አይችልምና ዘይቱ ውስጥ ይሰምጣል። ወረቀት የለም፣ ጥጥ የለም፣ የሚገዛ ነገር የለም፤ ዘይቱ ሲጨቀይ ይደፋል፣ ሳህኑ ይታጠባል፣ አዲስ ዘይት ይሞላል። ይህን የፈጠሩ ሰዎች አድናቆት ይገባቸዋል። ድክመቱ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ነው፤ የአየሩ ፍጥነት ስለሚቀንስ አቧራው መታጠፍ ይችላል፣ ያመልጣል። መኪና አምራቾች ወደ ወረቀት የሄዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ወፍጮ ግን ሲሠራ የሚውለው በአንድ ቋሚ ዙር ስለሆነ ይስማማዋል። የብዙ ሞተር ብስክሌቶች ስፖንጅ ማጣሪያም እንዲሁ ከፋብሪካው ሊታጠብና ዘይት ሊቀባ የተሠራ ነው፤ በመመሪያው መሠረት እጠቡት፣ በሱ ጠብ የለኝም።

የአካባቢው ነገርስ? የአንድ ትንሽ መኪና የወረቀት ማጣሪያ ክብደቱ ጥቂት መቶ ግራም ነው። ቆሻሻ ነው፣ አልክድም። በሌላው ሚዛን ላይ ግን ማጠቢያው አለ፤ ዘይትና ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ ከጋራዡ ወጥቶ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ቦርከና ይሄዳል። ያለ ዕድሜው ያለቀ ሞተር ደግሞ በየቀኑ ዘይት እያቃጠለ ሰማያዊ ጭሱን በደሴ ጠባብ ሰፈሮች ውስጥ ይለቃል፤ ሲወርድም አዲስ ፒስተን፣ አዲስ ፋሻ፣ ብዙ ኪሎ ብረት ይፈልጋል። «ምንም አይጣልም» የሚለው አባባል የሚቆጥረው ካርቶኑን ብቻ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከወትሮው የከበደበት ምክንያትም አለ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። ስለዚህ ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ የምትሽከረከረው ቪትዝ ወይም ኮሮላ በሌላ ቤንዚን መኪና በቀላሉ አትተካም፤ ያለው ሞተር ነው ዕድሜው መርዘም ያለበት። የማጣሪያ ዋጋ ሲወደድ መንፋትና ማጠብ እንደሚያጓጓ ይገባኛል። ነገር ግን ቁጠባው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ገንዘብ መቆጠብ የፈለገ ሰው ማጣሪያውን በየጊዜው ከመክፈት ይቆጠብ። ሽፋኑ በተከፈተ ቁጥር አቧራ ወደ ንጹሑ ጎን ይረግፋል፣ የጠርዙ ጎማም ይላላል። ትክክለኛ ልክ ያለውን ወረቀት ገዝቶ፣ መመሪያው ለአቧራማ መንገድ ያዘዘው ኪሎ ሜትር እስኪደርስ አለመነካካት ይሻላል። አመልካች ያላቸው አይሱዙና ሲኖትራክ ላይ ደግሞ ዓይን አይፍረድ፣ አመልካቿ ትፍረድ፤ ጠቁሮ የሚያስፈራ ወረቀት ገና ብዙ ሊቀረው ይችላል።

ለእናንተ የሚሆን አንድ ሙከራ ልስጣችሁና ላብቃ። ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞ፣ ባለቤቱ ወይም መካኒኩ አጠገባችሁ እያለ፣ የማጣሪያውን ቤት አስከፍቱ። ወረቀቱን ወደ ጨለማ ቦታ ውሰዱና የስልካችሁን መብራት ከኋላው አብሩ። ብርሃኑ እኩል ደብዘዝ ብሎ ከታየ ደህና ነው፤ እንደ ኮከብ የምታበራ ነጥብ ካያችሁ ቀዳዳ ነው፣ ያ ማጣሪያ አይመለስ። ከዚያ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በጣታችሁ ጠቅልላችሁ ከማጣሪያው በኋላ ያለውን፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን ጥረጉ። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ከወጣ አቧራ እያለፈ ነው፤ በወረቀቱ ይሁን በጠርዙ ለማወቅ የጎማውን ዙሪያ ተመልከቱ፤ አቧራው እንደ መስመር አቋርጦ የሄደበት ቦታ ይታያችኋል። አንድ ሁለት ሚሊሜትር ክፍተት 99.9 በመቶውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ሽፋኑን መልሱና ክሊፖቹን ሁሉንም ዝጉ፤ የምታስቸግረውን የኋለኛዋን «ትቆይ» ብሎ የሚተዋት ሰው ብዙ ነው።